መጋረጃሽን ግለጪ

የኔ ሆድ፣ ደህና ነሽ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ ጉልበቴም ተሽሎኛል። ትላንት የአክስትሽ ልጅ ደውላልኝ ነበር፣ እንዳትቆጫት፣ እኔ ነኝ ነዝንዤ ስላንቺ ያስወራኋት። ከናይት ሺፍት ትገባለች፣ መጋረጃ ዘግታ ትተኛለች፣ ስትነሳ ጨልሟል፣ በእረፍቷም ቀን አትወጣም አለችኝ። ምነው ልጄ? እኛ ጋ ፀሐይ ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት ገደማ ወጥታ 12 ሰዓት ገደማ ትገባለች፣ እዚያ አሜሪካ የሚኒያፖሊስ ታህሳስ ግን 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይመሻል ያልሽኝ አንቺው ነሽ፣ ታዲያ ያቺኑ ትንሽ ብርሃን በጨርቅ ትሸፍኛታለሽ? መጋረጃሽን ግለጪ።

"እዚህ እኮ ብርድ ነው እማ" እንዳትዪኝ ደግሞ። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ለእናቱ ስለ ብርድ የሚያስረዳ! ዛሬ ጠዋት ውርጩ ጓሮውን ነጭ አድርጎት አደረ፣ የጎመኑ ቅጠል ጠርዝ ጠርዙን ስኳር የነሰነሱበት ይመስል ነበር፣ ስነካው ኮሽ ይላል። ፀሐይዋ አጥሩን አልፋ ስትመጣ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ፣ እኔም ዱካዬን ይዤ ግድግዳው ሥር ቁጭ፣ ጎረቤቶቹም ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ፣ ማንም አያወራም፣ ፀሐይ መሞቅ ብቻ፣ ቡናዬን ራሱ ረስቼው ገነፈለ።

የሩፋኤሉን ቀን ታስታውሻለሽ? 7 ዓመትሽ ነው፣ ከሳምባ ምች የተነሳሽ ሰሞን። ጳጉሜ 3 ዝናቡ ሲወርድ የሰፈር ልጅ ሁሉ ልብሱን ጥሎ "ሩፋኤል አሳድገኝ" እያለ ይዘላል፣ እኔ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት። አፍንጫሽን መስታወቱ ላይ ለጥፈሽ፣ ትንፋሽሽ ሲያደበዝዘው በእጅጌሽ እየጠረግሽ ስታዪ ነበር። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና ግንባርሽን ሊቀባሽ ዝናብ በጣሳ ይዞ ገባ፣ ጮህኩበት፣ ጣሳውን ተቀብዬ ደጅ ደፋሁት። በዓመቱ ጤነኛ ሆነሽ "በይ ውጪ" ብልሽ "አይ እማ ይበርደኛል፣ ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ" አልሽኝ። የ8 ዓመት ልጅ! ሐኪሙ ከብርድ ጠብቂያት ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ነው፣ ግን ለዚያ ሰሞን ነበር ያለኝ፣ እኔ ነኝ እስክታድጊ ያራዘምኩት። ያ ጣሳ አሁንም ወጥ ቤት አለ፣ ውሃ ስቀዳበት ይቆረቁረኛል።

ለማንኛውም ከሥራ ስትመለሺ ሳትተኚ በፊት ደጅ ትንሽ ቆመሽ ግቢ። ሐኪምሽን ስለ ቫይታሚን ዲ ጠይቂው። የማያንሸራትት ቡትስ ግዢ፣ ቅናሽ እስኪመጣ አትጠብቂ። በብርዱ በረዶ ሆኖ ሰው ላዩ ላይ ቆሞ ዓሳ ያጠምድበታል ያልሽኝ ሐይቅ ላይ ግን ብቻሽን እንዳትሄጂ፣ ቢጠጥርም ውሃ ውሃ ነው። እና መጋረጃውን ግለጪ፣ ሁለተኛ ጊዜ ነው ስልሽ።

የመጀመሪያው ዓመት በረዶ ሲወርድ የላክሽልኝ ቪዲዮ አለ አይደል፣ ምላስሽን አውጥተሽ እየቀመስሽ "ድምፅ የለውም እኮ እማ!" እያልሽ የምትስቂበት? ስልክ ስቀይር እንኳን መጀመሪያ ያዛወርኩት እሱን ነው።

ከገና በኋላ ወደዚያ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፣ በሶና ሽሮ እልክልሻለሁ፣ በሶው ላይ ጨው አላበዛሁም። ጋቢም አለበት። ለብሰሽው ደጅ ቆመሽ ፎቶ ላኪልኝ፣ መስኮት ላይ ሰቅለሽው ባይ ግን ወዮልሽ።

እናትሽ