የዚህ ሳምንት መወያያ፦ ዊልያም ቦይንግ

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

የዚህ ሳምንት ሰው ስሙን ሁላችንም አውሮፕላን ላይ ያነበብነው ዊልያም ቦይንግ ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1881 ዲትሮይት ተወለደ፤ የዬል ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን አቋርጦ በእንጨት ንግድ ከበረ። በ1916 ከባህር ኃይል መኮንኑ ኮንራድ ዌስተርቬልት ጋር ሲያትል ላይ ውሃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ሠራ፤ ኩባንያም አቋቋመ። የመጀመሪያው መሐንዲሱ ቻይናዊ እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? ዎንግ ሱ ይባላል። እሱ ከነደፈው ሞዴል ሲ የአሜሪካ ባህር ኃይል 50 አዘዘ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ግን ትእዛዝ ጠፋ። ፋብሪካው የቤት ዕቃና ጀልባ መሥራት ጀመረ፤ ቦይንግም ደመወዝ ከኪሱ እየከፈለ ሠራተኞቹን አቆየ። ለእኔ የሰውየው ትልቅ ሥራ ይሄ ነው፤ ሌላው በኋላ የመጣ ነው።

በ1919 ከአብራሪው ኤዲ ሃባርድ ጋር ከቫንኩቨር ሲያትል ፖስታ አመጣ። በ1934 አውሮፕላን ሠሪና አየር መንገድ እንዲለያዩ የሚያስገድድ ሕግ ሲወጣ ተቆጥቶ አክሲዮኑን ሸጠና ወጣ። በ1956 አረፈ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ ጄቶቹን፣ ቦይንግ 720ን፣ የተረከበው በ1962 ነው። የዚያን ዘመን ፎቶ ያላችሁ ለውይይቱ ይዛችሁ ኑ።