ለጦጣ ሙዝ መወርወር ይቅር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ለጤናዬ ስል በእግር መጓዝ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። በሳምንት አራት ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ በዚያው በማውቀው የደን መንገድ ወጥቼ እመለሳለሁ። አንድን መንገድ አዘውትሮ የሚሄድ ሰው ውሎ አድሮ ሰዉንም እንስሳውንም በየቦታውና በየሰዓቱ ለይቶ ማወቁ አይቀርም። በትራቸውን ተደግፈው ዳገቱን ቀስ እያሉ የሚወጡት አዛውንት ከመታጠፊያው ሲደርሱ ቆቆቹ ከቁጥቋጦው ሥር እየጫሩ ብቅ ይላሉ፤ ሚዳቋዋም ጆሮዋን አቁማ ለጥቂት ጊዜ ካየችን በኋላ መልሳ ወደ ሣሯ ታጎነብስ ነበር። እኛ ከመንገዳችን አንወጣም፣ እሷም አትሸሸንም ነበር። ይህ መከባበር እየፈረሰ በመምጣቱ ነው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁት።

ባለፈው ሳምንት የሆነውን ልንገራችሁ። ልጇ ሆዷ ላይ የተጣበቀባት ጦጣ ከዛፍ ወርዳ፣ ከእናቷ ጋር ወደምትሄድ አንዲት ትንሽ ልጅ በቀጥታ መጣችና የጀርባ ቦርሳዋን ዚፕ በጣቶቿ ይዛ ሳበችው። ልጅቷ ስትጮኽ ጦጣዋ ጥርሷን አሳየች እንጂ አልሸሸችም። ቦርሳ ውስጥ ምግብ እንዳለ፣ ዚፕም ሲሳብ እንደሚከፈት ያስተማርናት እኛው ነን። ሙዝና ብስኩት እየወረወሩ ፎቶግራፍ የሚያነሡ መንገደኞች ከቀን ወደ ቀን እየበዙ ነው። እኔም በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህንኑ አድርጌአለሁ፤ ደግነት መስሎኝ ነበር።

ነገር ግን የሰው እጅ የለመደች ጦጣ ቅጠል፣ ፍሬና ነፍሳት ፍለጋ መዋሏን ትታ መንገድ ዳር ትጠብቃለች። መንጋው ምግብ በሚወረወርበት አንድ ቦታ ስለሚከማች ጠቡ ይበረታል፣ በሽታም ከአንዷ ወደ ሌላዋ በቀላሉ ይዛመታል። በመጨረሻ ሰው ስትነክስ ደግሞ አስቸጋሪ ተብላ የምትገደለው እሷው ናት። ለተነከሰውም ሰው ነገሩ ቀላል አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ የሚተላለፍና ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መዳን የሌለው ያህል ስለሆነ፣ ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ውሻ ይዘው የሚመጡ ወገኖቼም ቅር እንዳይሰኙብኝ እለምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 በአውስትራሊያ ደኖች የተካሄደ ጥናት፣ ውሻ በሚያልፍባቸው የእግር መንገዶች የወፍ ዓይነት በ35 በመቶ፣ የወፎቹም ቁጥር በ41 በመቶ ቀንሶ እንደተገኘ አሳይቷል፤ እነዚያ ውሾች ደግሞ በገመድ የተያዙ ነበሩ። በእኛ መንገድ ግን ብዙዎቹ ተለቀው ነው የሚሮጡት፣ ባለቤቶቻቸውም እነሱን ፍለጋ ቁጥቋጦውን እየጣሱ ይገባሉ። የዱር እንስሳ በለመደው መንገድ የሚያልፈውን ሰው ሊታገሥ ይችላል፤ ከመንገዱ ወጥቶ ያልጠበቀው ቦታ ድንገት ሲመጣበት ግን ይደነግጣል።

ሰዎች በበዙበት አካባቢ የዱር እንስሳት ከቀን ይልቅ ሌሊት መንቀሳቀስ እንደሚያዘወትሩ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ 62 የአጥቢ እንስሳት ዝርያዎችን ያካተተ ጥናት አረጋግጧል። ይህን ያነበብኩት ሚዳቋዋን ካጣኋት በኋላ ነው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ጠዋት ጠዋት አይቻት አላውቅም። ባለፈው ማክሰኞ ግን ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር፣ ከመታጠፊያው አጠገብ ባለው ጭቃ ላይ ሹል ሹል የሆነ ትኩስ ኮቴዋን አገኘሁ፤ እኛ ሳንደርስ አልፋለች።

ስለዚህ ደኑን የሚያስተዳድሩት ክፍሎች በመንገዱ መግቢያ ላይ መመገብን የሚከለክልና ውሾች ታስረው እንዲሄዱ የሚያሳስብ፣ ልጆችም ሊያነቡት የሚችሉ አጭር ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ እንዲያቆሙ፣ ጋዜጣችሁም ጉዳዩን ተከታትሎ እንዲዘግብ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሰሌዳው እስኪቆም ድረስ እኔና አዛውንቱ ከመግቢያው አጠገብ በየተራ ቆመን መንገደኞችን በፈገግታ ለማስረዳት ተስማምተናል፤ ከነገ ወዲያ እንጀምራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ