እማዬ፣ ለገና ሳይሆን በሰኔ ነይ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ሻል አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ለገና እመጣለሁ፤ የመንዝ ልጅ ብርድ አይፈራም» ስትይኝ ከደስታዬ ብዛት የማስበውን ሳልነግርሽ ቀረሁ። እውነትሽን ነው፣ ብርዱስ አይበግርሽም። አይስላንድ ማለት የበረዶ ምድር ይሁን እንጂ ከደቡብ እየፈሰሰ የሚመጣ ሞቅ ያለ የባሕር ውሃ ስለሚደርሳት፣ ሬይክያቪክ በጥር እንኳ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ናት። ቤቱም ከመሬት በሚወጣ ፍል ውሃ ስለሚሞቅ በነጠላ ትቀመጫለሽ።

ጭንቀቴ ሌላ ነው። ብርዱ ዜሮ ላይ ስለሚዋልል በረዶው ቀን ይቀልጥና ማታ ተመልሶ እንደ መስተዋት ይረጋል። አምና በጥር ከሥራ ስወጣ ነፋስ ከኋላዬ ገፋኝና በጎኔ ወደቅሁ። እንዳትጨነቂ ብዬ ደበቅሁሽ እንጂ ሁለት ሳምንት እጄን አስሬ ነው የከረምሁት። ከዚያ ወዲህ ባለ ሹል ብረት ማሰሪያ ጫማዬ ላይ ሳላጠልቅ አልወጣም። ያንን መንገድ ከአንቺ ጉልበት ጋር ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል።

ነፋሱንማ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ! ዝናቡን በጎን እያመጣ ፊት ስለሚመታ እዚህ ዣንጥላ ብዙም አይያዝም። የመኪና በር አጥብቀሽ ይዘሽ ካልከፈትሽ ገንጥሎ ይወስደዋል። ሲብስበት ኬፍላቪክ ያረፈ አውሮፕላን መሰላል አላስጠጋ ብሎ መንገደኛው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። በዚያ ላይ በገና ሰሞን ፀሐይ የምትወጣው ከረፋዱ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ያን ሁሉ መንገድ መጥተሽ ጨለማ ውስጥ እንድትቀመጪ አልፈልግም።

በሚያዝያም አትምጪ። ሚያዝያ 11 እና 17 መካከል በሚውለው ሐሙስ «የበጋ መጀመሪያ» ብለው በዓል ያከብራሉ፤ በዚያው ቀን ግን በረዶ ሊጥል ይችላል።

በሰኔ ነይ እማዬ። ሰኔ 14 አካባቢ ፀሐይ እኩለ ሌሊት ላይ ጠልቃ ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ትመለሳለች፤ በመሃሉም አይጨልምም። ጎህ ሲቀድ ለጸሎት የምትነሺ ነሽና ግራ እንዳይገባሽ መኝታ ቤትሽ ወፍራም መጋረጃ ሰቅያለሁ። ሜዳው ሐምራዊ አበባ ይለብሳል። በጎቹ ከነግልገሎቻቸው ያለ እረኛ ተራራ ላይ ተለቀው ይከርማሉ፤ ሰው ተሰብስቦ የሚያወርዳቸው በመስከረም ነው። ያለ እረኛ ስልሽ ምን እንደምትዪ ይታየኛል።

ሙቀት ግን አትጠብቂ። በሐምሌም ቢሆን ቀኑ 13 እና 14 ዲግሪ ነው፤ እንደ አገራችን ክረምት ቁጠሪው። ጋቢሽን ለቤት ውስጥ አምጪው፤ ለውጪ አይሆንም፣ ጥጥ አንዴ ከረጠበ ብርዱን ይዞ ይቀራል። የበግ ጠጉር ግን ረጥቦም ያሞቃል። አባባ በርኖሱን ደርቦ ከዝናብ ሲገባ ታፋፊለት የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ ለአንቺ አይነገርም። እዚህም ሰዉ የሚለብሰው የበግ ጠጉር ሹራብ ነው። ነፋስ የማያስገባውን ካፖርት እኔ እገዛልሻለሁ።

አንድ ነገር ይቀርብሻል። በቪዲዮ ያሳየሁሽ አረንጓዴ የሰማይ ብርሃን ጨለማ ይፈልጋልና በሰኔ አይታይም። ስታዪው «ተአምር ነው» ብለሽ አማትበሽ ነበር፤ እሱ ስለሚያመልጥሽ ከልቤ አዝናለሁ። ቢሆንም አጠገቤ ሆነሽ በደህና እግርሽ ስትራመጂ ማየት ይበልጥብኛል።

የጫማሽን ቁጥር ለእታለም ንገሪያት፣ ትላክልኝ። ውሃ የማያስገባው ጫማ አሁን ዋጋው ቀንሷል፤ ሳያልቅ ልግዛልሽ።

ናፋቂ ልጅሽ
ከሬይክያቪክ