የተራራ ሻርዶኔ መኮምጠጡ ጉድለቱ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ሰሜን ጣሊያን ነጭ ወይን ጠጆች ያወጣችሁት ጽሑፍ፣ ከትሬንቲኖ ተራሮች የሚመጣው ሻርዶኔ የተባለ ነጭ ወይን የሚኮመጥጠው ፍሬው ሳይበስል ስለሚለቀም እንደሆነ ይናገራል። መፍትሔውም ወይኑን ከመቅዳት በፊት አብዝቶ ማቀዝቀዝ ነው ይላል። ምክንያቱ የተሳሳተ ነው፤ መፍትሔው ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል።

የወይን ፍሬ ሲበስል ስኳሩ ይጨምራል፣ የሚያኮመጥጠው ማሊክ አሲድ ይቀንሳል። አሲዱን የሚጨርሰው የፍሬው መተንፈስ ነው፤ ይህም በሙቀት ይፈጥናል፣ በቀዝቃዛ ሌሊት ይዘገያል። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ፣ በትሬንቲኖው የአዲጄ ሸለቆ 200 ሜትር ላይ ባለ ማሳና 700 ሜትር ላይ ባለው መካከል የ3 ዲግሪ ልዩነት አለ። ስለዚህ ከላይ ያለው ፍሬ ስኳሩ ሞልቶም አሲዱ አይሟጠጥም። ጥሬ ፍሬ የሚታወቀው በሌላ ነው፤ ዘሩ አረንጓዴ ነው፣ ሲታኘክ ሣር ሣር ይላል። የበሰለው ዘሩ ቡናማ፣ ቆዳው ወርቃማ ይሆናል። አካባቢው ይህን አሲድ እንደ ሀብት ነው የያዘው፤ ወይን ሠሪው ጁሊዮ ፌራሪ እ.ኤ.አ. በ1902 ትሬንቶ ከተማ ላይ አረፋማ ወይን መሥራት የጀመረውም በዚሁ ፍሬ ተማምኖ ነው።

ቀጥሎ ያለው የጠማቂው ውሳኔ ነው። ስኳሩ ወደ አልኮል ከተለወጠ በኋላ ባክቴሪያ ማሊኩን ለስላሳ ወደሆነው ላክቲክ አሲድ ሊቀይረው ይችላል። ብዙዎች ከበርሜሉ የመጣ የሚመስላቸው የቅቤ ሽታ የዚህ ሥራ ውጤት ነው፤ የኦክ በርሜል የሚሰጠው ቫኒላና የተጠበሰ ዳቦ የሚመስለውን ነው። የተራራ ወይን ግን ለባክቴሪያው አይመቸውም። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበዛል) ከ3.2 ሲወርድና ጓዳው ከ18 ዲግሪ በታች ሲሆን ሥራው ይጓተታል፣ አንዳንዴም መሐል ላይ ይቆማል። ለውጡን የሚፈልግ ጠማቂ ጓዳውን ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ያሞቃል፣ ባክቴሪያን የሚገታውን ሰልፋይት መጨመሩንም ሥራው እስኪያልቅ ያቆየዋል። በግማሽ የቆመ ወይን በጥሩ ማጣሪያ ሳያልፍ ከታሸገ ባክቴሪያው ጠርሙስ ውስጥ እንደገና ይነሣል። አረፋ ሊኖረው የማይገባ ወይን ሲከፈት ቢፈላና ቢደፈርስ፣ ጉድለት የሚባለው ያ ነው። ማሊኩን ሙሉ በሙሉ ማጥፋትም ወይኑን ሊያደነዝዘው ስለሚችል፣ ገሚሱን በርሜል ውስጥ አለስልሶ፣ ገሚሱን በብረት ጋን ሳይለወጥ አቆይቶ መቀላቀል የተሻለ ነው።

ከጠርሙሱ ግርጌ ወይም ከቡሹ ሥር የሚታየው ነጭ ቅንጣትም ብርጭቆ ወይም ስኳር አይደለም። ወይኑ ሲቀዘቅዝ የረጋ የታርታሪክ አሲድ ጨው ነው፤ አይጎዳም፣ ጠርሙሱን አቁሞ ቀስ ብሎ መቅዳት ይበቃል።

ወደ ማቅረቡ ስንመጣ፣ የቤት ማቀዝቀዣ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያ ቅዝቃዜ ሽታውና ልስላሴው ይደበቃሉ፤ ምላስ ላይ የሚቀረው ኮምጣጣነቱ ብቻ ነው። ጸሐፊው ያማረሩት ጣዕም ግማሹ ከራሳቸው ምክር ሳይመጣ አልቀረም! በብረት ጋን የተሠራው 10 ዲግሪ፣ በርሜል ያየው ከ12 እስከ 13 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ለዚህም ከማቀዝቀዣ ቀድሞ ማውጣት ነው። ሲከፈት የተጫረ ክብሪት ቢሸት ብርጭቆውን አሽከርክሮ ጥቂት መጠበቅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ይለቃል። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ሆኖ ከቀረ ግን ወይኑን ለሻጩ መመለስ ያስኬዳል።

ቢያንስ የማቅረቢያ ሙቀቱን በሚቀጥለው እትም እንድታርሙት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ