የጋላክሲው ክንዶች ለምን ሰማያዊ ሆኑ? ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላክሽልኝን የኤም51 ጋላክሲ፣ የዚያን ግዙፍ የኮከቦች ስብስብ፣ ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። «መሃሉ ቢጫ ሆኖ ክንዶቹ ሰማያዊ የሆኑት ለምንድን ነው?» ላልሽኝ በስልክ በጥድፊያ መልስ መስጠት አልፈለግኩም፤ ጥያቄሽ ጊዜ ይገባዋል።

የዚህን ጋላክሲ ጥምዝምዝ ቅርጽ መጀመሪያ የለየው ሎርድ ሮስ የተባለ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ ውስጥ፣ 1.8 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት በተገጠመለት ቴሌስኮፕ አይቶ በእጁ ሣለው።

አሁን ዋናው ነገር። ክንዱ ሁሌም ከእነዚያው ኮከቦች የተሠራ ቢሆን ኖሮ፣ ወደ መሃል ያሉት ዙራቸውን ቶሎ ስለሚጨርሱ ተጠምጥሞ ተጠምጥሞ ይጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ሊን እና ሹ የተባሉ ተመራማሪዎች መላ አመጡ፦ ክንዱ ማዕበል ነው አሉ። ኬላ ላይ የቆመ የመኪና ሰልፍ አስቢ። ሰልፉ እዚያው ነው፣ መኪኖቹ ግን ይቀያየራሉ። ይህ ማብራሪያ ለሁሉም ጋላክሲ አይሠራም፤ ክንዳቸው የተቆራረጠም አሉ። ለኤም51 ግን፣ አጠገቡ ያለው ትንሽ ጋላክሲ በስበቱ ስለሚጎትተው ማዕበሉ ጎልቶ ይታያል።

እስቲ ፎቶውን አጉልተሽ እዪው። በክንዱ ውስጠኛ ጠርዝ ጥቁር መስመር አለ። ጋዝና አቧራ እዚያ ሲደርስ ይታመቃል። ከዚያ ሮዝ ነጠብጣቦች ይመጣሉ፤ አዲስ ኮከቦች ያጋሉት ሃይድሮጂን ነው። ከአጠገባቸው ሰማያዊዎቹ የኮከብ ክምችቶች አሉ። የታመቀው የጋዝና የአቧራ ደመና በራሱ ስበት ወደ ውስጥ ሲወድቅ በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ኮከቦች አብረው ይወለዳሉ። ትልልቆቹ በጣም ስለሚግሉ ሰማያዊ ናቸው፤ ነዳጃቸውንም በጥቂት ሚሊዮን ዓመት ይጨርሳሉ። ከክንዱ ሳይርቁ ይፈነዳሉ። ትንንሾቹም እዚያው ይወለዳሉ፣ ግን የትልልቆቹ ብርሃን ይውጣቸዋል። መሃሉ ቢጫ የሆነው፣ ሰማያዊዎቹ ቶሎ ስለሚያልቁ፣ ቀዝቀዝ ያሉ አሮጌ ኮከቦች ስለሞሉት ነው።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የኛዋ ፀሐይ ናት። እሷም የዛሬ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ከብዙ እህቶች ጋር ሳትወለድ አልቀረችም። ክምችቱ ተበተነ፤ እህቶቿ የት እንዳሉ እስካሁን እየተፈለገ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

በታኅሣሥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ምሥራቅ እዪ። ኦሪዮን በሚባለው የኮከቦች ቅርጽ ላይ፣ በመስመር ከተደረደሩት ሦስት ኮከቦች አጠገብ ብዥ ያለች ነጥብ አለች፤ የጋዝና የአቧራ ደመና ናት። 1,300 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በ1,300 ዓመት የሚጓዘውን) ያህል ትርቃለች፣ አሁንም ኮከብ እየወለደች ነው። ያንቺ ባይኖኩላር ይበቃታል። ካየሻት ደውይልኝ፣ ቢመሽም ግድ የለም።

አባትሽ