ለአባባ፣ ስለዚያች የዘር ስልቻ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወንድሜ ስለ ኩላሊትዎ ነግሮኛል። ከእርስዎ ግን አንድም ነገር አልሰማሁም፤ ስደውል «ደህና ነኝ» ይሉና ስልኩን ለእናቴ ይሰጧታል።

ስለ ልጆቹ ልንገርዎት። ትንሹ በቁመት ደርሶብኛል። ሰሞኑን ከትምህርት ቤት የሥነ ምህዳር አሻራ የሚሉትን ስሌት ይዞ መጣ። ሰው ለሚበላው፣ ለሚለብሰውና ለሚነዳው ሁሉ ስንት መሬት እንደሚፈልግ የሚቆጥር ነው። እርሻው፣ ግጦሹ፣ ደኑ፣ ዓሣ የሚሰገርበት ውኃ፣ ቤት ያረፈበት ሁሉ አለበት። ጭሱን የሚመጥ ደንም ይቆጠራል፤ ከዓለም አሻራ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እሱ ነው።

ምድር ያላትን ለሰው ሁሉ እኩል ቢያካፍሉት፣ ለምነቱ መካከለኛ የሆነ 1.5 ሄክታር ገደማ ለአንድ ሰው ይደርሳል። በእኛ 6 ጥማድ መሆኑ ነው። እዚህ አሜሪካ አንድ ሰው በአማካይ 30 ጥማድ ያህል ይፈጃል። አገር ቤት 4 ግድም። አገራችን ያንንም መሸከም አልቻለችም።

ዓለም የዓመቱን ድርሻ የሚጨርስበት ቀን ይሰላል። በ2017 ሐምሌ 17 ላይ ዋለ። በፈረንጅ አቆጣጠር ዓመቱ ሊያልቅ ገና አምስት ወር ይቀረው ነበር። ከዚያ ወዲያ ደኑ ከሚተካው በላይ ይቆረጣል፣ ዓሣው ከሚራባው በላይ ይጠመዳል፣ ጭሱም ሰማይ ላይ ይከማቻል። ዘር መብላት ነው አባባ። ይህን ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል?

የ77ቱን አነሳሁብዎ። ስልቻዋን አፏን በጠፍር አስረው ተንተርሰዋት ይተኙ ነበር። እናቴ «አንድ ቁና ብቻ» ብላ ስትለምንዎ «ዝናብ ሲመጣ ምን ልዘራ ነው?» አሏት። ዝናቡ መጣ፣ ዘሩ። እኔ ያደግሁት በዚያ ማሽላ ነው። እህቴ አበቡ ግን ዝናቡን አላየችም።

ልክ እንደነበሩ አውቃለሁ። ማወቄ አላሳረፈኝም። ከለቅሶው ወዲህ ስሟን ሲጠሩ ሰምቼዎት አላውቅም።

አሁን ዘር የሚበላው የተራበ ሰው አይደለም። እዚህ ሙሉ ሳህን ምግብ ቆሻሻ ውስጥ ይደፋል። የበልጉ ዝናብ የሚጠፋው ግን እናንተ ጋ ነው። ይሄ ያንገበግበኛል።

ደግሞ ክኒኑን ለሁለት እየከፈሉ ይውጣሉ አሉኝ። ለምን? መድኃኒት ለከርሞ አይቀመጥም። ብሩን የላክሁት ለዚያ ነው፤ ሐኪሙ እንዳዘዘው ይዋጡ። ቀጠሮዎንም እንዳያሳልፉ፣ ወንድሜ ይወስድዎታል።

ለጥምቀት እመጣለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን ፈራሁ፣ ስለዚህ አሁኑኑ ልጠይቅዎት። አበቡ ስለ ስልቻዋ ጠይቃዎት ነበር? ምን አሏት? ለወንድሜ ይንገሩትና ይጻፍልኝ።

ልጅዎ