«የእኛ ባህል አይደለም» ላሉን ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ስምዎንም የመሥሪያ ቤትዎንም ስም አልጽፍም። ማመልከቻዎቻችን መዝገብ ቤት ገብተው፣ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ስለቀሩ ለማን እንደምጽፍ ያውቁታል። ድሬዳዋ ተወልዶ ለትልቁም ለትንሹም «አንተ» እያለ ላደገ ሰው «እርስዎ» ማለት አፍ ይይዛል፤ የደብዳቤ ወግ ነውና ይሁን። ሲያነቡ ከተቆጡ ደግሞ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለውን ያስታውሱልኝ፤ ጉዳያችን እሱው ገና ነው።

የጠየቅነው ትንሽ ነገር ነበር። ሳቢያን አካባቢ የማስተምራቸው ልጆች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ የገና ጨዋታ ተምረዋል። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ፀሐዩ ሳይከር፣ ኳስ ተጫዋቾቹ ሳይመጡ፣ ከሜዳው አንዱ ጥግ ይፈቀድልን አልን። በጽሑፍ መልስ አላገኘንም። በቃል የነገሩን ግን ከጆሮዬ አልወጣም፦ «ይሄ የእኛ ባህል አይደለም። ባህሉ ያለበት አገር ይጫወቱት።»

አብራኝ የመጣችውን ልጅ ሂጃብ አይተው ደግሞ ጨመሩበት። «አንቺን ከገና ጋር ምን አገናኘሽ?» አሏት። የገንደ ቆሬ ልጅ ናት፤ ከቡድኑ ሁሉ ሩሯን፣ የገናዋን ኳስ፣ ከዱላዋ ሳታርቅ መሮጥ የምትችለው እሷ ናት። «አቦ፣ በዓሉን አይደለም እኮ፤ ጨዋታውን ነው የምጫወተው!» አለችዎ። እርስዎ ድፍረት አድርገው ወሰዱት። እኔ ግን በዚያ ቢሮ ከሰማሁት ሁሉ ሚዛን የሚደፋው ንግግር የእሷ ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ አደባባይ ባልወጣሁ። ሰው የተለየ አስተያየት ሊኖረው ይችላል ብዬ ሌላ ሜዳ እፈልግ ነበር። ቆይቶ ግን የባህል ስፖርቶች ዓመታዊ ውድድርና ፌስቲቫል ደረሰና ከተማችን በገና ትወዳደራለች ተባለ። ደስ አለን። የተጓዦቹ ዝርዝር ሲለጠፍ ከልጆቻችን አንድም ሰው የለበትም። የተመረጡት በሙሉ እግር ኳስ ተጫዋቾች ናቸው። እነሱን አልወቅስም፤ ሂዱ ተባሉ፣ ሄዱ። እንዲያውም ከመካከላቸው አንዱ የመሄጃቸው ዋዜማ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ፣ «ቲቸር፣ ሩሯን በእግር መምታት ይቻላል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዱላ አያያዝ አሳይቼ ሸኘሁት። ምን ላድርግ? የከተማዬን ስም ይዞ ነው የሚወጣው።

እንግዲህ «የእኛ ባህል ያልሆነው» ጨዋታ መኪና፣ ቱታና የውሎ አበል ሲመደብለት በአንድ ሳምንት ውስጥ የእኛ ባህል ሆኖ አረፈው ማለት ነው። ስንት ለስንት እንደተሸነፍን እንዲነግሩኝ አልፈልግም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ባህላችን ካልሆነ ለምን ተላከ? ከሆነስ የተማሩት ልጆች ለምን ቀሩ? ያቺ ልጅ ዝርዝሩን አንብባ፣ እንደ ወትሮው ዱላዋን ይዛ ልምምድ መጣች። የምናገረው የጠፋኝ እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ክርክርዎ ልምጣ። ኦሮሞው ይህን ጨዋታ ቂሌ ብሎ እንደሚጫወተው፣ ስለዚህም ለአካባቢያችን ባዕድ እንዳልሆነ መከራከር እችል ነበር። ትቼዋለሁ። ዘር ቆጥሬ የሜዳ ጥግ አልለምንም። ልጆቹ አያት ቅድመ አያታቸው ዱላ ጨብጠው ባያውቁም መጫወት ይችላሉ ነው የምለው።

ከየት ያመጣነውን ስፖርት ነው እርስዎ በኩራት የሚመሩት? ይህች ከተማ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ እግር ኳሱም የመጣው ከውጭ ነው። የድሬ አያቶች ለኳስ የሚያወርሱን ነገር አልነበራቸውም። ግን የድሬው የፋብሪካ ቡድን ጥጥ ማኅበር በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። በ1954 የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የአሥመራ ልጅ ሆኖ ለጥጥ ማኅበር ተጫውቷል። ፋብሪካው ቡድን አቋቋመ፣ ሜዳና የጨዋታ ፕሮግራም ነበር፣ ሕዝቡም ወጥቶ አየ። ያኔ አንድ ኃላፊ ተነስቶ «ይህ የእንግሊዝ ባህል ነው፣ እዚያው ይጫወቱት» ቢል ኖሮ ዛሬ እርስዎ በክብር ትሪቡን የሚቀመጡበት ስታዲየም ባልኖረ።

ጁዶንም ይመልከቱት። ጂጎሮ ካኖ በ1882 እ.ኤ.አ. ሲመሠርተው ከነባሩ የጃፓን ትግል አደገኛውን ቀነሰ፣ የቀረውን በሥርዓት አደራጀ፣ በትምህርት ቤት የሚሰጥ አደረገው። በ1964 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ሲገባ፣ ክብደት በማይለይበት ምድብ ጃፓናዊውን ካሚናጋን በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት ጥሎ ወርቁን የወሰደው ሆላንዳዊው አንቶን ጌሲንክ ነው። የሆላንድ ቅድመ አያቶች ስለ ጁዶ ምን ያውቁ ነበር? ጃፓኖችስ ጨዋታው ከእጃችን ወጣ ብለው ዘጉት?

ይኸው ነገር በእኛም ቤት ተሠርቷል። ገና ድሮ መንደር ለመንደር፣ የተጫዋች ቁጥር ሳይወሰን፣ ሜዳው እስከሚያልቅበት ድረስ የሚሮጥበት ጨዋታ ነበር። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ግን ለገናም፣ ለትግልም፣ ለገበጣም የውድድር ደንብ አለው። ደንቡ ለማን የተጻፈ ይመስልዎታል? ገና እየተጫወተ ላደገ የገጠር ልጅ ደንብ ምን ያደርግለታል፤ ከአባቱ አይቶታል። ደንብ የሚጻፈው ላላየው ነው፤ ለእኛ፣ ለድሬና ለጎዴ፣ ለጋምቤላና ለአሶሳ ልጅ ነው የተጻፈው። እርስዎ ባህሉ ያለበት አገር ብቻ ይጫወት ሲሉ ያን ደንብ ከንቱ ያደርጉታል። ባህሉ ባለበት አገርስ ቢሆን በበዓል ሰሞን ብቻ ታይቶ እስከ ዓመቱ ዱላው ጣራ ሥር የሚሰቀልበት ቦታ ስንት ነው? ውርስ ብቻውን ጨዋታን የሚያቆይ ቢሆን ኖሮ ፌስቲቫል ማዘጋጀት ለምን አስፈለገ?

ሁሉም የባህል ስፖርት ሁሉም ቦታ ይበቅላል የሚል የዋህ እንዳልሆንኩም ይወቁልኝ። ጉግስ ድሬ ላይ ይስፋፋ ቢሉኝ የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኔ ነኝ። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 የሚወጣው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ80 ዓመት በላይ ያስቆጠረው ፈረስ የሚያረባ ገበሬ፣ ለምለም ሣር፣ ኮርቻና ልጓም የሚሠራ ባለሙያ ስላለው ነው። እዚህ በሙቀቱ ጋሪ የሚጎትተውን ፈረስ ለጉግስ ማሯሯጥ ግፍ ነው። ገና ግን ምን ይፈልጋል? ጫፉ የጎበጠ ዱላ፣ አንድ ሩር፣ ሜዳ። ዱላውን አሸዋ ሰፈር ያለ አናጢ ሠርቶልናል። ሩሯን ልጆቹ ራሳቸው ከጎማና ከቆዳ ሠርተዋታል። የጎደለን ሜዳው ብቻ ነው፤ እሱም በእርስዎ እጅ ነው።

ሕጉን ለእርስዎ አላስተምርም። መንግሥት የባህል ቅርሶችን የመንከባከብና ለሥነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት የሚናገረውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ በየስብሰባው መክፈቻ ሲያነቡት ሰምቻለሁ። «ባህሉ በተወለደበት ወረዳ ብቻ» የሚል አላየሁበትም።

ሜዳ ስለተከለከልን ልጆቹ አሁን የሚለማመዱት ደረቁ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ነው፤ አሸዋው ላይ። ደቻቱ በ1998 ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው እንደወሰደ ለድሬ ሰው አይነገርም። ደመና ተራራው ላይ ሲጠቁር ጨዋታውን አቋርጬ አስወጣቸዋለሁ፤ እዚህ ባይዘንብም እላይ ዘንቦ ሊወርድ ይችላልና። ወላጆቻቸው ይጠይቁኛል፤ መልስ የለኝም፤ መልሱ እርስዎ ዘንድ ነው።

ስለዚህ፦ ቅዳሜና እሑድ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ጠዋት የሜዳውን አንድ ጥግ ይፍቀዱልን። ለሚቀጥለው ፌስቲቫል ተጫዋቾች ሲመረጡ በሕዝብ ፊት የማጣሪያ ጨዋታ ይደረግ፤ የተሻለው ይሂድ። እርስዎ የመረጧቸው ኳስ ተጫዋቾች ልጆቻችንን ካሸነፉ እኔው ራሴ አሠልጥኜ እልካቸዋለሁ። መልስዎ እምቢ ከሆነም እምቢ ይበሉ፤ ግን በጽሑፍ፣ ከነፊርማና ከነማኅተሙ ይሁን። የቃሉማ ደርሶናል።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የድሬዳዋ የስፖርት መምህር